የፓይዋን ዜሮ

ሰኔ 28
ዛሬም ዝናብ። ሆስፒታሉ ሩዝ ሲተክሉ የጭቃው ባክቴሪያ በያዛቸው ገበሬዎች ተሞልቷል። ላቦራቶሪያችን ደግሞ በደደቦች።

ፕሮፌሰር ቴራፖል የሚያግዘኝ ሰው ሰጠኝ። ፓይዋን ይባላል፣ የኡቦን ክፍለ ሀገር ገጠር ሰው፣ ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ ገና ማስተርሱን መጀመሩ። ላገኘው ሁሉ እጁን አጋጥሞ ይሰግዳል። ማቀዝቀዣው ፊት ቢያቆሙት ለሱም ይሰግዳል። በዚህ ሰው ነው ዶክትሬቴን የምጨርሰው?

ሐምሌ 3
ሥራዬን አስረዳሁት። ባክቴሪያው ፎስፌትን አንዱን ካንዱ እያያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፤ ለክፉ ቀን እንክብል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሰንሰለቱን የሚሠራለት አንድ ኢንዛይም ነው። የኢንዛይሙን ጂን ቆርጬ አወጣሁት። አራት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን በደንብ አይዋኝም፣ ረሃብ አይችልም። ገባህ? አልኩት። ገብቶኛል አለ። ምኑ ነው የሚገባው...

ሐምሌ 5
ቀለም ሲነካው ባክቴሪያው ሰማያዊ ይሆናል፣ እንክብሎቹ ሐምራዊ። እኔ ጂኑን ያወጣሁበት ላይ ሐምራዊ መኖር የለበትም። ፓይዋን በማይክሮስኮፕ አየና ትንንሽ ነገር ያለ ይመስለኛል አለ።

"ከጭቃ መጥተህ ሁሉም ነገር ላይ ቆሻሻ ይታይሃል" አልኩት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። በራሱ ላይ የሚስቅ ሰው... ያስጠላል።

ሐምሌ 11
በደንባችን እያንዳንዱን ስላይድ ሁለት ሰው ለየብቻው ይቆጥራል። ከሁለት መቶ ባክቴሪያ እንክብል ያለው ስንቱ ነው? እኔ ዜሮ ጻፍኩና ወረቀቱን ለፓይዋን ሰጠሁት። እሱም ዜሮ። በመጨረሻ ዓይኑ ተከፈተ። የዶክትሬት ጽሑፌ ለፈታኞች ሄደ።

ነሐሴ 2
አንዷ ፈታኝ የጠራ ፎቶ ካላየሁ ብላለች። ሥራ ፈት።

ነሐሴ 4
በአዲሱ ማይክሮስኮፕ አየሁ። አሉ። ትንንሽ፣ ሐምራዊ እንክብሎች። ቀለሙን ቀየርኩ፣ ስላይዱን ቀየርኩ። አሉ። ባክቴሪያው ሌላም ኢንዛይም አለው ማለት ነው፤ አንዱን ብወስድበት በሌላው ይሠራል። ያኔ እንዴት ዜሮ አልኩ? አይቼ ነበር? ወይስ የምፈልገውን ብቻ...

ፓይዋንን ጠርቼ ያኔ ስንት እንዳየ ጠየቅኩት። እጁን አጋጥሞ ሰገደ። ደግሜ ጠየቅኩት።

"ሠላሳ ምናምን።"

"ታዲያ ለምን ዜሮ ጻፍክ?"

"አንቺ ዜሮ ብለሽ ነበራ፣ እትዬ ዳው።"

ይሉኝታ። በይሉኝታ ቆጥሮ የዶክትሬት ጽሑፌን ገደል ከተተው። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እውነቱን አንዴ ነግሮኝ አልነበር? ምን አልኩት? ለካ ደደብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

ነሐሴ 6
ለፕሮፌሰር ነገርኩት። ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም።

"ዜሮ ያምራል፤ ተይው። ማን መልሶ ይቆጥራል?"

ጽሑፉን ከፈታኞች ካስመለስሽ አንድ ዓመት ትዘገያለሽ፣ እኔ ደግሞ ጡረታ ልወጣ ነው አለኝ። ለዚህ ሰው ነው አምስት ዓመት ያጎነበስኩት። ናቅኩት። ደረጃውን ስወርድ ግን እኔም እስከ ትናንት ወዲያ ልክ እንደሱ እንደነበርኩ ገባኝ። አፈርኩ።

ነሐሴ 9
ጽሑፉን ከፈታኞች አስመለስኩ። እናቴ ለዘመድ ሁሉ ምርቃቴን ነግራ ነበር፤ ስልክ ላይ አለቀሰች።

ከሰዓት አዲስ ስላይድ ሠርቼ ቆጠርኩ። ቁጥሬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ፓይዋንን ቁጠር አልኩት። ብዙ ቆየ። ሠላሳ አንድ አለ። የኔን አውጥቼ አሳየሁት፤ ሠላሳ ስምንት። ወረቀቱን አየው። አሁን ይቀይራል ብዬ ጠበቅኩ።

"ተሳስተሻል፣ እትዬ" አለ፣ ወለሉን እያየ።

እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ነው።