የአባትህ ቡይክ ወለል

ዳላርና፣ ጁን 9 ቀን 2023

ለልጄ ለስታፋን፤

አንተስ፣ ማሪትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን እያጉረመረመ ይሸከመኛል። ለምን አትደውይም ትለኝ ይሆናል። በስልክ ስናደድ ትስቅብኛለህ፤ ይኼ ደግሞ የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ስለዚህ አረፍ ብለህ አንብበው።

ሳልዞር ልንገርህ፤ ቡይኩን አትወስደውም። አይነዳም። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ሰው፣ ይልቁንም ልጆችህ ሶንድሬና ኤሊን፣ እዚያ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። "እማዬን ደግሞ ምን ነካት?" እንደምትል አውቃለሁ። አባትህ ሲሞት መኪናውን ለአንተ መተዉን ረስቼ አይደለም። በአሮጌ መኪናዎች ክበብ የጁላይ ሰልፍ ላይ ፊት ፊት ነድተኸው፣ ከዚያ ልጆቹን ከኋላ ጭነህ ተራራውን አቋርጠህ ወደ ኖርዌይ ልትሄድ ስንት ወር ስትዘጋጅ እንደከረምክም አውቃለሁ። ግን እኔ ያየሁትን ብታይ አንተም እንደኔ ያቅለሸልሽህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሾፌሩን ምንጣፍ ልቀይርልህ ብዬ ወንበሩን ፈታሁ። አርባ ዓመት የሰው መኪና ወንበር ስሰፋ የኖርኩ ታፔሴሪ፣ የባሌ መኪና ተረከዙ ጋ የተቀደደ ምንጣፍ ይዞ ሰልፍ ቢወጣ ምን እባላለሁ? ምንጣፉን ብድግ ሳደርገው ሽታው መታኝ። ኤጭ! የከረመ ዓሣና የረጠበ ውሻ አንድ ላይ። ከምንጣፉ ሥር ያለውን የሱፍ ንጣፍ ስጨብጠው በጣቶቼ መሐል እንደ ገንፎ ወጣ። ትል ነበረው፣ ነጫጭ። እኔ ትል አይቼ የምጮህ ሴት አይደለሁም፤ ግን ጓንቴን አውልቄ ወጣሁና ሣሩ ላይ ተፋሁ።

ሱፉን ጠርጌ ሳወጣ ወለሉ ታየኝ፤ ወለል ከተባለ። ቢጫ ላሜራ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር አጋዘን ቆሟል። የመንገድ ምልክት እኮ ነው! "ተጠንቀቁ፣ አጋዘን ያቋርጣል" የሚለውን ከጫካው መንገድ ነቅለው፣ ዙሪያውን በስተው በሪቬት ምስማር መትተውታል። ያ የአባትህ የልብ ወዳጅ ኮኒ ከሠላሳ ዓመት በፊት "ወለሉን እንደ አዲስ በየድኩልህ" ብሎ የፎከረው ይኼን ነው። አባትህ ያንን ሁሉ ዘመን የረገጠው አጋዘን ነው ማለት ነው። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ።

ከዚያ በክሪክ አነሳሁት፣ ግንድ ደገፍኩበትና ካቻቢቴ ይዤ ከሥር ገባሁ። ሻንሲው በሬንጅ ጥቁር ብሎ ያብረቀርቃል። በግራ በኩል፣ መሪው የታሰረበት ብረት ጋ፣ ካቻቢቴውን ገፋ አደረግሁት። እስከ እጀታው ሰመጠ። ስነቅለው ቡናማ የዝገት ዱቄት ፊቴ ላይ ተዘረገፈ፤ ከዱቄቱ ጋር የስቱኮ ፍርፋሪ፣ ከስቱኮው ጋር የጋዜጣ ቁራጭ። ብረት በጋዜጣ ጠቅጥቀው ስቱኮ መርገውበታል! ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። መሪውን የያዘው ሬንጁ ነው ብልህ አላጋነንኩም። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ጠንካራ ፍሬን፣ አበቃ። ዱቄቱን ከአፌ ስጠርግ የሶንድሬ ፀጉር ነው ትዝ ያለኝ።

ምርመራስ አትለኝም? መንግሥት ሃምሳ ዓመት ያለፈውን መኪና አምጡና ልመርምር አይልም፤ ታውቃለህ። ለዚህ አይደል ክበቡ የራሱን ደንብ ያወጣው? በየዓመቱ በሜይ ወር ሦስት ሰው መኪናው ሥር ይተኛል፣ ያያል፣ ጤነኛ ከሆነ መስኮቱ ላይ ምልክት ይለጥፋል። ቡይኩ መስኮት ላይ ስምንት ምልክት አለ። ስምንቱም ላይ የፈረመው ሊቀመንበሩ ኮኒ ነው። ያ ሰውዬ በዚያ ሆዱ እንኳን መኪና ሥር አልጋ ሥርም አይገባ! እየመጣ ቋሊማውን በሰናፍጭ ይበላል፣ ኮፋኖውን መታ መታ ያደርጋል፣ "ንጉሥ ነው!" ይላል፣ ይፈርማል።

ደወልኩለት። ሐሙስ ዕለት መጣ፣ ከንፈሩ ሥር ትንባሆውን ወትፎ። ካቻቢቴውን ሰጠሁትና "እስቲ ራስህ ውጋው" አልኩት። አልነካውም።

"ጉንቮርዬ፣ መኪናው እኮ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አንቺንም ቢወጉሽ ይገባል" ብሎ በገዛ ቀልዱ ተንከተከተ።

"እኔ ላይ ሕፃን ጭኖ ተራራ የሚወጣ የለም። ይልቅ ስምንት ጊዜ ስትፈርም አንዴ እንኳ ጎንበስ ብለህ አይተሃል?"

"የሩኔን መኪና? እኔ? የሩኔን መኪና ተኝቼ ልፈትሽ? ስድብ እኮ ነው! እሱስ የእኔን ፈትሾ ያውቃል?"

ይኸውልህ። እዚህ አገር ወዳጅነት ማለት ይኼ ነው። የማያምኑትን ሰው መኪና ሥር ገብተው በባትሪ ይበረብራሉ፤ የወዳጅን መኪና አለማየት ክብር ነው። ተከባብረው ተከባብረው አሥራ አንዱም የክበቡ አባላት በዝገት ላይ ተቀምጠው ይዞራሉ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰለህ? ከጃኬቱ ኪስ የሚረጭ ሬንጅ አወጣ። አዲስ ቆርቆሮ፣ ገና ያልተከፈተ። አስቦበት ነው የመጣው!

"ሰልፉ ይለፍ ብቻ" አለኝ። "በሰልፍ ላይ በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም። ልጁ ኖርዌይ ሲደርስ ያሠራዋል። የሩኔ ቡይክ እኮ የክበቡ ስም ነው፤ ከሰልፍ ቀረ ቢባል ሰው ምን ይላል?"

"ሲደርስ? ካልደረሰስ?"

ትንባሆውን በጣቱ ከከንፈሩ ሥር አወጣና እርጥቧን ጥቅልል የክር ሳጥኔ ክዳን ላይ አስቀመጣት። የክር ሳጥኔ ላይ! የአባትህ ቀብር ላይ "ወንድሜን አጣሁ" ብሎ አንተን አቅፎ እንባውን የጠረገው በዚያው ጣት ነው። አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ። "ይቺን ቆሻሻህን አንሳና ከቤቴ ውጣ!" አልኩት፤ ቆርቆሮውንም ከኋላው ወረወርኩለት።

ቅዳሜ የክበቡ ስብሰባ ነበረ። ከሻንሲው የወደቀውን ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩና ቋሊማው ከቀረበበት ጠረጴዛ መሐል ፈታሁት። "ይኼ የሩኔ መኪና መሪ የታሰረበት ነው፤ የእናንተስ?" አልኳቸው። አሥራ አንድ ትልልቅ ሰው ሰናፍጩን ያያል። አንዱ "ሴትዮዋ ሐዘኑ ከብዷት ነው" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ከዚያ ድንቹን ተቀባበሉ። ዱቄቱ የዳቦው ሰሃን ላይ በኖ ነበር፤ እሱንም እፍ ብለው በሉት። ጉልበቴ እያመመኝ አራቱን ኪሎ ሜትር በእግሬ ተመለስኩ፤ ከእነሱ በአንዱ መኪና ከመግባት ይሻላል።

ቤት እንደገባሁ የመሪውን ዘንግ ፈትቼ አወጣሁት። አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ማንም መጥቶ ቀባ ቀባ አድርጎ ሊነዳው አይችልም። ይበየዳል ካልከኝ፣ ቦዲው ተነስቶ፣ ሻንሲው ተራቁቶ፣ በሚያይ ሰው እጅ ይበየድ። ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፍጅ። እናንተ በባቡር ኑ። እንጆሪው ዘንድሮ ቀድሞ ቀልቷል፣ ለልጆቹ ላይኛውን ክፍል አንጥፌያለሁ።

ይኼን ብዬ ላቆም ነበር፤ ፖስታውንም አሽጌው ነበር። መልሼ ቀደድኩት።

ኮኒ በር ላይ ሆኖ አንድ ነገር ተናግሮኛል። "ሱፉን ያነጠፈው ማን ሆነና ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ነኝ። አባትህ የመኪናው ጫጫታ በዛብኝ ሲል ሁለት ድርብ ሱፍ ቆርጬ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ አድርጌ አነጠፍኩለት። የፊት መስታወቱ ጠርዝ ውሃ እንደሚያንጠባጥብ አውቅ ነበር። "ወፍራም ነው፣ ይጠጣዋል" አልኩ። ጠጣ። በላዩ ፕላስቲክ ተዘግቶበት አልደርቅ አለ፤ በሪቬቶቹ ቀዳዳ እየወረደ ሻንሲውን በላው። ከሥሩ ምን እንዳለም አላየሁም፤ የኮኒ ሥራ ነው፣ ነውር ነው ብዬ። እንግዲህ ከእነሱ በምን ተሻልኩ? እጄን ሳየው ይቀፈኛል።

ይኼም ሁሉ ቢሆን ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደለም።

ባለፈው ኦገስት አባትህ ከዙረት ተመልሶ ኩሽና ገባና "ጉኒ፣ መኪናው ወደ ግራ ይጎትተኛል" አለኝ። "አንተ ነህ የምትጎትተው" አልኩት። በሳምንቱ ደግሞ አለኝ። በሦስተኛው የጎረቤትን የፖስታ ሳጥን ገጭቶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "እጄ አይደለም፣ መኪናው ነው፣ እባክሽ እመኚኝ" አለኝ። ኮኒን ጠራሁት። ቤተ ክርስቲያኑን አንዴ በመኪናው ዞረና "መኪናው ምንም የለው። ሩኔ አርጅቷል፣ ምን ይደረግ" አለ። ለአንተም ደወልኩልህ፤ "ሰው ሳይገድል ቁልፉን ደብቂበት" አልከኝ። ልወቅስህ አይደለም፣ የኔ ጌታ። አንተ ባትለኝም እደብቀው ነበር።

ደበቅሁት። ከዚያ በኋላ መኪናው እንደሚጎትት አንድም ቀን አላነሳብኝም። ሹካ ከእጁ ሲወድቅ ብቻ ጣቶቹን ዘርግቶ ያያቸው ነበር። ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሸሚዙን ስቆልፍለት "ጥሩ አደረግሽ ጉኒ፣ ልክ ነበርሽ። እጄ ነው" አለኝ። አመሰገነኝ፣ ስታፋን። እኔም "ምንም አይደል" አልኩት።

እግዚአብሔር ልጆችህን ከክፉ ነገር ይሰውርልህ፤ ሽማግሌን የሚያምን ጆሮም ይስጥህ። ማሪትን ሳምልኝ።

እናትህ
ጉንቮር