ነጩን ለእኔ ተዉት

የካቲት 17፣ ሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ሾርባ ሠራሁ። የጣሪያው በረዶ ቀልጦ የእንግዳ ክፍሉን ግድግዳ እንደገና አበላሽቶታል፤ ሻይ የተደፋበት ይመስላል። ለአዲስ ዓመታችን ለናቭሩዝ ሦስት ሳምንት ተኩል ነው የቀረን። ዘመድ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ክፍል ነው። እናስቀባው አልኩ። ነጭ።

"ነጩን ለእኔ ተዉት" አለ ባሌ፣ ለእኔም ለልጃችን ለማህሊዮም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥን በንጣቱ ደረጃ ሲያወጣለት የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ በየመኸሩ ይጠሩታል። ምን ብዬ ልከራከረው? እኔ ሰፊ ነኝ። ያውም የመጋረጃ።

(በአፌ "እርስዎ" ነው የምለው። እዚህ ግን "እሱ" ነው። ደብተሩ የራሴ አይደል?)

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ቀለም መሸጫ ሄድን። ነጭ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር... አሥራ አንድ ዓይነት! የወተት ነጭ፣ የበረዶ ነጭ፣ የዕንቁላል ቅርፊት፣ ሌላም ሌላም። ሻጩ ካርዱን ዘረጋለት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ያየው ጀመር፤ እንደ ጥጥ በጣቱ መጎተት ብቻ ነው የቀረው።

"ይሄ ቢጫ ነው። ይሄም ቢጫ ነው። ይሄ ደግሞ ቅቤ ነው።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ የበረዶ ነጭ ነው። ከዚህ በላይ ነጭ የለንም።"

"እናንተ ሰፈር በረዶውን ምን ነካው?"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። በአምስት ትንንሽ ጣሳ ናሙና ይዘን ተመለስን።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ቀለም ቀቢው ኡስታ ሳቢት መጣ። አምስቱንም ግድግዳው ላይ ቀባቸው፣ እያንዳንዱን የትሪ ያህል። ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወዲያ ወዲህ...

"ቢጫ። ቢጫ። የባሰ ቢጫ።"

"ጋሼ፣ የመጨረሻው የሆስፒታል ነጭ ነው። ሰው ገብቶ ሲያየው ዓይኑን ያመዋል።"

"የእኔን አላመመኝም።"

ኡስታ ሳቢት ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

የካቲት 23፣ እሁድ

ስድስተኛ ናሙና። ቢጫ ነው አሉ ጌታዬ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ማህሊዮ እራት ላይ ነካካችው። "አባዬ፣ ቢጫው ግድግዳው ሳይሆን አምፖሉ እንዳይሆን?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ባለፈው መኸር የሆልማትን ጥጥ ማን ነው ያወቀበት? አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ ወጣቶች ነጭ ነው፣ አንደኛ ደረጃ ነው ብለው ሊያሳልፉት! ቢጫ ነው ብዬ ሦስተኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዝናብ አልነካውም ብሎ ቢምል ቢገዘት... ሰምቼዋለሁ? ዓይን አለኝ እኮ!"

ሆልማትን አውቀዋለሁ። ከቦዩ ማዶ ያለ ገበሬ ነው፤ ዝምተኛ። እሱ ማለ? ገረመኝ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ኡስታ ሳቢት ተስፋ ቆረጠ። የበረዶ ነጩን ባልዲ ውስጥ ገልብጦ ሰማያዊ ጠብ አደረገበት።

"ገና ነው።"

ጠብ።

"ገና።"

ጠብ ጠብ።

"አዎ! አሁን ነጭ ሆነ!"

አራቱም ግድግዳ ተቀባ። ማህሊዮ በሩ ላይ ቆማ፣ "እማዬ፣ ሰማይ ቤት ገባን እንዴ?" አለችኝ በጆሮዬ።

እሱ መሃል ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ... "ያምራል" አልኩት። ዋሸሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሸሚዙን ይዞ መጣ። "አንቺ፣ ሳሙና ቀይረሻል? ብርዱን ሙሉ ሸሚዞቼ ቢጫ ናቸው።"

ትናንት አፍልቼ ያጠብኩትን ሸሚዝ! ልመልስለት አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ሸሚዙ ቢጫ። የበረዶ ነጩ ቢጫ። ስድስቱም ናሙና ቢጫ። ሁሉም ነገር ቢጫ ከሆነ...

በመስኮቱ ብርሃን ዓይኑን አየሁት። ብሌኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እየበላሁ እንዴት አላየሁትም? ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ስስቅበት... ሳቄ ጠፋ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሐኪም ጋ እንሂድ ብለው እምቢ። "ዓይኔ ደህና ነው።"

"እንግዲያው ይሄን ክር ያስገቡልኝ" አለችው ማህሊዮ።

አሥር ደቂቃ ታገለ። "ምን ዓይነት ቀጭን መርፌ ነው የሰጣችሁኝ?"

የብርድ ልብስ መስፊያ ነበር። የመርፌዎች ሁሉ አያት!

"ማክሰኞ እንሄዳለን" አልኩ። ዝም አለ። የእሱ ዝምታ እሺ ማለት ነው፤ ሠላሳ ዓመት አጥንቼዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የዓይን ሞራ። ሁለቱም።

ሐኪሟ ማህሊዮን ታክላለች። "አባባ፣ ሞራው ሁሉን ነገር በቢጫ መስታወት እንደማየት ነው ያደረገብዎት። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው አይታወቀውም።"

"ስንት ጊዜ ሆኖኛል?"

"ሁለት ዓመት... ምናልባት ሦስት።"

ቀኙ በሁለት ሳምንት ይሠራለታል። አውቶብስ ውስጥ እስከ ቤት አንዲት ቃል አልወጣውም። ቀዶ ጥገናውን የፈራ መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ናቭሩዝ። ዘመድ መጣ፤ የስንዴ ቡቃያው ገንፎ፣ ሱማላክ፣ ተበላ። የክፍሉን ነገር ማንም አላነሳም። እህቱ ብቻ ሻሏን እየተከናነበች፣ "ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ጥሩ ነው" አለች።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ትናንት ቀኙን ተሠራ፤ ዛሬ ፋሻው ተነሳ። ቤት ገብቶ የእንግዳ ክፍሉን ከፈተና... ቆመ።

"ይሄን ማን ነው ያስቀባው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ሰማያዊ?!"

"እኛማ ነጭ ነበር ያልነው።"

አንዱን ዓይን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ሌላውን። ነጭ። ሰማያዊ። ነጭ። ሰማያዊ። ማህሊዮ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ዓይንዎን አይሹ፣ አይሹ እያልን ሦስታችንም...

ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አየ። "ይቅርታ፣ ሙካራም።" በስሜ! ከስንት ዓመት በኋላ።

ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። "ሆልማት" አለ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

አይበላም። ምናልባት እውነትም ቢጫ ይሆን ነበር አልኩት።

"ሁለቱ ልጆች ነጭ ነው ብለው ነበር። እኔ ሳቅኩባቸው።"

ፋብሪካው ጋ ደወለ። ተሳስቼ ነበር፣ የሆልማት ደረጃ ይታረም፣ ከእንግዲህም እኔን አትጥሩኝ፣ ልጆቹን ስሙ አላቸው። ስልኩን ዘጋና ተቀመጠ። "በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም ይሄ።"

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ኡስታ ሳቢት ካርዱን ይዞ ተመለሰ። "ዛሬስ ማን ይምረጥ?"

"እሷ" አለ እሱ።

በኩራት ተቀበልኩት። የወተት ነጭ? የዕንቁላል ቅርፊት? መስኮቱ ጋ ሌላ፣ ጥላው ጋ ሌላ... አንድ ሰዓት ሆነኝ።

"እትዬ፣ እርስዎም ይታዩ እንዴ?"

የወተት ነጭ አልኩ፣ በንዴት። ያምራል። እግዜር ያውቃል፣ የቱ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

"አብረሽኝ ነይ" አለኝ። ከቦዩ ማዶ ሄድን። ሆልማት የመስኖውን ቦይ እየጠረገ ነበር። አካፋውን አላስቀመጠም።

ባሌ ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳይጨርስ፣ "ጥጥህ ነጭ ነበር። የታመመው የእኔ ዓይን ነው። በድዬሃለሁ" አለው።

ሆልማት መሬት መሬት አየ። ይሰድበናል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበን ይፈረድበታል?

"ለእኔ አይንገሩኝ፣ ጋሼ። እኔማ አውቀዋለሁ። ይግቡና ለእሷ ይንገሩልኝ።"

ሚስቱ ለካ አላመነችውም። አንተ ነህ ሳትሸፍን ዝናብ ያስመታኸው፣ የመላ ቤቱን ልፋት ገደል የከተትከው እያለች ብርዱን ሙሉ...

ገባን። እሱ እንደ ተማሪ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁሉንም እንደገና ነገራት። ሞራውን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን ግድግዳ ሳይቀር። "ጥጣችሁን ዝናብ ጠብ አላለበትም። ከዓመቱ ጥጥ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር።"

ሴትየዋ እሱን አየች። ባሏን አየች።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አምስት ወር ሙሉ ስነግርሽ!"

"እንዲህ አድርገህ አልነገርከኝም።"

ተነስታ የራሷን ትራስ ከሆልማት ጀርባ አደረገችለት። ሆልማት ቀስ ብሎ ተደገፈ፣ ትራሱ ይወሰድብኛል ብሎ እንደፈራ ሰው።

ስንመለስ እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"የግራው ቀጠሮ መቼ ነበር?"

"በአሥራ አምስት ቀን።"

"ከዚያ የቀረበ ቀን የላቸውም?"