ባለ አምስት ማርሽ

ሐሙስ፣ ጥር 18 ቀን 1964

አምስት ወንድ ለአንድ ካምቢዮ! ቋቅ አለኝ። ባሌ ተስፋዬ ሽማግሌ ይዞ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ይመስል አጎቱን ጋሼ ዳናን፣ ሁለቱን ወንድሞቹንና ጎረቤታችንን አስከትሎ ከጣሊያኑ መካኒክ ጋራዥ ገባ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ የጠራኝ የለም። ሁሉም ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ምን ሊሰሙ እንደሆነ እንጃ።

የምንገዛት መኪና ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ የእሽቅድምድም ዓይነት ናት። ሁለት መቀመጫ። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ይህን ያነሳ ሰው የለም። እኔም አላነሳሁም፣ የእኔ ነገር ሌላ ነው። ሳላገባ የአባቴን የጭነት መኪና ከሳንሱሲ መርካቶ እነዳ ነበር። መንጃ ፈቃዴ ዛሬም ሳጥን ውስጥ አለ። ተስፋዬ የጨርቅ ሱቃችንን ፒክአፕ አንድ ቀን እንኳ አላስነካኝም። ይቺን ግን አንቺም ትነጃታለሽ ብሎ ቃል ገብቶልኛል።

ጣሊያኑ የመረጥነውን ሊገጥምልን ሁለት ካምቢዮ፣ ማለት የማርሽ ሳጥን፣ መሬት ላይ አስቀምጧል። ባለ አራት ማርሹ እንደማንኛውም መኪና ነው፤ አንደኛ ማርሹ ወደ ፊት ተገፍቶ ይገባል። ባለ አምስቱ ለውድድር የተሠራ ነው። እሱን ወደ ፊት ከገፉት የኋላ ማርሽ ነው የሚገባው፤ አንደኛው ወደ ታች ይሳባል። ጣሊያኑ አቧራው ላይ በጣቱ ስሎ አሳየኝ። ወንዶቹ ያን ጊዜ ስለ ቀለሟ ይከራከሩ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 19

ባለ አምስቱ ሆነ። ምክንያቱን ስጽፈው ራሱ ያመኛል። የተስፋዬ ታናሽ ወንድም፣ አራትማ ታክሲውም አለው አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከቤታችን ከኮልፌ እስከ መርካቶ ያለው መንገድ ኮረኮንች፣ አህያና በግ ነው። አምስተኛውን የት ሊያስገባው ነው?

እራት ላይ፣ እኔስ መቼ ልለማመድ አልኩት። ባለ አምስት ለሴት እጅ አይሆንም፣ ተይው አለኝ። ቃልህስ ስለው ጉርሻውን ጠቀለለ። ሲያኝክ ማየት አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ጣሊያኑ ራሱ ነድቶ አመጣትና ግቢያችን ውስጥ ፊቷን ወደ በሩ አዙሮ አቆማት። ማርሹ እንግዳ ስለሆነ ተስፋዬን ትንሽ ላለማምደው ብሎ ነበር። ተስፋዬ፣ እኔ ስነዳ ነው ያደግኩት ብሎ ሸኘው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲወለውላት ዋለ፣ ያውም በልጆቹ ፎጣ። ፎጣው አሁን በመኪናው ቅባት ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

እኔ ሱቅ የሄድኩት እንደ ወትሮው ጣቃ ጨርቅ ታቅፌ፣ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቄ ነው።

እሑድ፣ ጥር 21

እቤታችን ከተደረገው ጸሎት በኋላ የእምነት ወገኖቻችን መኪናዋ ላይ እጅ ጭነው ሊባርኳት ወደ ግቢው ወጡ። አዲስ ነገር ሲገዛ እንዲህ ነው ልማዳችን፤ ለልብስ ስፌት መኪናዬም ተጸልዮላታል። መውጫ እንዲኖራት ፊቷን ክፍት ትተው ከጎንና ከኋላ ከበቧት። አሜን ተባለና ሁሉም ዘወር አለ። ጋሼ ዳና ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸው የኋላ ክዳኗ ላይ፣ ገና ይጸልያሉ። የእሳቸው ጸሎት ሁልጊዜ ይረዝማል።

ተስፋዬ ሞተሩን አስነሳ። እንደ ፒክአፑ ማርሹን ወደ ፊት ሲገፋው አየሁ። ወደ ታች ነው ብዬ ጮህኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ዘለለች።

ጋሼ እግራቸው በመኪናዋና ከኋላዋ ባለው ግንብ መሃል ተያዘ። ተስፋዬ መሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ። ጎትቼ አወረድኩትና አንደኛ አስገብቼ ወደ ፊት ፈቀቅ አደረግኳት። ከዚያ ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ እስከ ሆስፒታል ነዳሁ። ከሦስተኛ በላይ አላስፈለገኝም።

ሰኞ፣ ጥር 22

የጋሼ ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሌላ ጉዳት የለም፣ ተመስገን። ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ።

ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ ጠያቂ ሞልቶታል። ተስፋዬ ለመጣው ሁሉ ካምቢዮው ብልሽት አለው ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብልሽቱ ሰይጣን ሆኖ አረፈው። ወንድሞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ጠላት ጸሎታችን አናዶት ነው አሉ። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸው። ሰይጣን ስንት ሥራ እያለው ኮልፌ መጥቶ ማርሽ አያስገባም። ሰው ፊት እንዳላዋርደው ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም አስጠላኝ።

አመሻሽ ላይ አብረን ሆስፒታል ሄድን፣ በታክሲ። ተስፋዬ፣ ነገ በመኪናዋ መጥቼ ወደ ቤት እወስድዎታለሁ አላቸው። ጋሼ የታሰረ እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ከነዳሽ እሳፈራለሁ» አሉ። «እሱ ከነዳ ግን በእግሬ እመጣለሁ።»

ተስፋዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው መልስ አይሰጥም። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና፣ ሳያየኝ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አንደኛው ወደ ታች ነው፣ እንዳትረሺ» አለኝ።

ለእኔ! ታክሲው እስኪመጣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ቁልፉን ግን አልመለስኩለትም።