ሃያ ደቂቃ አልነበረም

ውድ ኤዶም፣

ነገ ጠዋት ለፀጉር ተከላው ዶክተር ሙዓዝ ጋ ከመግባትሽ በፊት ይህን ጨርሰሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ «እራት በላሽ?» ብዬ ዘጋሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ክሊኒክ አብረን ነበርን። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ፊት ሻሽሽን ስትፈቺ ያን ቀን ገና አየሁ። ሐኪሙ አናትሽ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ዳበሰና «የፀጉር ማለስለሻው ስንት ደቂቃ ቆየ?» አለሽ።

«ሃያ። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ሰዓት ይዛ ነበር።»

እሱ ግን ዞሮ እኔን አየኝ። «መሃሉ በጣም ደርቋል። የሃያ ደቂቃ ቃጠሎ አይመስልም።»

እኔ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍትና እዘጋ ነበር።

ኤዶምዬ፣ ሃያ ደቂቃ አልነበረም። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ ያን ቅዳሜ፣ ፒያሳ ያለው ፀጉር ቤቴ በሙሽራና በሚዜዎች ተሞልቷል። ማለስለሻውን ቀብቼሽ ወደ እነሱ ዞርኩ። «እትዬ፣ አቃጠለኝ» አልሽ። «ቻይው፣ ቁንጅና በነፃ አይገኝም» ብዬ ሚዜዎቹን አሳቅኩብሽ። ደግመሽ ጠራሽኝ። ስታለቅሺ ነው ሰዓት ያየሁት፤ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ሳጥብሽ ፀጉርሽ ከነቆዳው እጄ ላይ ቀረ። ቁስሉ ሲያመረቅዝ እንኳ «ማን እንዲህ አደረጋት?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ሐኪም ቤት አልወሰድኩሽም፤ ቤት ውስጥ ቅባት ስቀባሽ ከረምኩ። ለእማዬ «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው፤ ማለስለሻው የተበላሸ ነበር» አልኳት። አንቺም አመንሽኝ። ገና አስራ ስድስት ዓመትሽ ነበር።

ትናንት ብቻዬን ተመልሼ ለሐኪሙ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ጠባሳው ጥልቅ ከሆነ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ የምንተክለው ፀጉር ላይይዝ ይችላል» አለኝ። «ለመትከል ከማጅራቷ አንዴ ያነሳነው ፀጉር ደግሞ እዚያ ተመልሶ አይበቅልም።» ስለዚህ ነገ ሙሉውን ከመሥራት ይልቅ መሃሉ ላይ ጥቂት ተክሎ ይይዝ እንደሆነ ለማየት መንፈቅ ያህል መጠበቅ ይፈልጋል።

«እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» አልኩት።

«ለምን ሐሳብዎን ቀየሩ ስትለኝ ልዋሻት? ራስሽ ንገሪያት።»

ነገርኩሽ። ሦስት ዓመት የቋመጥሽለትን ቀን በዋዜማው እንዳበላሸሁብሽ አውቃለሁ። ግን ዝም ብል ያለችሽንም ፀጉር በውሸቴ ላስጨርስሽ ነበር።

ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ እቆማለሁ። ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ፣ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ግን አሁን አልለምንሽም። ነገ የእኔን ነገር እንድታስቢ አልፈልግም፤ ራስሽን ብቻ አስቢ።

የበደለችሽ እህትሽ፣
ምብራት