ጀልባችን ውሃ የምትነካበት ወር

ጀልባዋ አለቀች ጌታሁን! ልጅህ ብሩክ የመጨረሻው ቀለም እንደተቀባ ትናንት ከኪሱሙ ደውሎ ሲነግረኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ እልልታዬን አቀለጥኩት። ባለሱቋ ሶማሊያዊት ጎረቤቴ ልጄ ያገባ መስሏት ለገበያተኛው ከረሜላ በተነች። እኔም አላረምኳትም፤ ደስታ ደስታ ነው።

ይኸው ሰላምታው ቀርቶ ወሬ አስቀደምኩ። እንደምን ነህ የልጄ አባት? እዚያ ያለ ሰው እንዴት ሰነበትክ ተብሎ ይጠየቅ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ጠየቅኩ። የፊታችን ኅዳር አሥራ አራት ከተለየኸን ሦስት ዓመት ይሞላል።

ቤታችን ያው ኢስትሊ፣ ያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቧንቧው ውሃ ዛሬም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ኮትህን ብሩክ ይለብሰዋል፤ ትከሻው ልክ ሆኖለታል። እሱ ኪሱሙ ሐይቁ ዳር እየኖረ ከአጥማጆቹ ዓሣ ይገዛል፣ በረዶ አልብሶ በአውቶቡስ ይልክልኛል፤ እኔ ደግሞ ኪሊማኒ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አከፋፍላለሁ። የማታቱ ታክሲ ረዳቶች ቅርጫቴን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይዘው “ማማ ሳማኪ መጣች” ይላሉ፤ የዓሣዋ እናት ማለታቸው ነው። ቢሆንም ቦታ ይለቁልኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ የሚከራከሩት ደንበኞችህም አልተለወጡም፤ ጾም ሲገባ ቀድመው የሚያዙት እነሱው ናቸው።

ጀልባዋን ብታያት! ወገቧ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ሰማያዊና ነጭ። ስምህ በሁለቱም ጎኗ ተጽፏል። ቀለም ቀቢው ፊደላችንን ስለማያውቅ ብሩክ በወረቀት የጻፈለትን እንደ ሥዕል እያየ ገለበጠው። የሐይቁ ሰዎች አይተው፣ ይህ ጽሑፍ ነው ወይስ አዲስ የመንጠቆ ዓይነት ብለው ሳቁበት አሉ። ሥራውን ከሳንቃው መረጣ ጀምሮ የተቆጣጠረልን ምዜ ኦቲዬኖ ነው፤ ያ ለአንተ ጀልባ ያከራይ የነበረው ሽማግሌ፤ ምዜ የሚሉትም ለሽምግልናው ነው። ዛሬም አለ፣ ዛሬም ትንሽ ነው የሚናገረው።

በእነዚህ ዓመታት ከእሱ አፍ ሐይቁን ተማርኩት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ሲጥል ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ቄጠማው ይጠጋል፤ ያኔ መረብ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከደቡብ የሚመጣው ንፋስ ይበረታል፣ ትልልቁ ነጭ ዓሣ ከጥልቁ ይወጣል፣ አሸዋው ላይ ኦሜና የሚሏት ጣት የማታክል ዓሣ ተሰጥታ ስታያት ብር የፈሰሰ ይመስላል። ጥርና የካቲት ሙቀት ነው፤ ውሃው ይተኛል።

የቀረው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ጌታሁን፣ ያን ጊዜ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት መስታወት ነው። ጥላህን ታይበታለህ። ድንገት ከውሃው መሐል እንደ ጭስ ያለ ነገር ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ሐይቁ የተቃጠለ ይመስልሃል። ዝንብ ነው። ወደ ዳር ሲመጣ ዓይንም አፍም አያስከፍትም። ከሰዓት በኋላ ከኮረብታዎቹ በኩል ሰማዩ ይጠቁርና፣ ንፋሱ አንድ ጊዜ ፀጥ ብሎ ይወርዳል። ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረምም ብሶበታል፤ ማታ ያልነበረ ሜዳ ጠዋት ወደቡን ዘግቶት ይገኛል። እዚያ ውስጥ የገባ ጀልባ አይቀዘፍም፣ የወደቀ ሰው አይዋኝም። አንተንም በሦስተኛው ቀን ያገኙህ እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን እስካለፈው እሑድ ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ልጻፍ። አንተ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበርክ። ሞያሌን ተሻግረን እዚህ ስንደርስ ሥራ ብታጣ ነው ዓሣ ያልከው፤ ውሃን የምታውቀው በእኔ አፍ ነው። የዝዋይ አጥማጅ ልጅ ነኝ እያልኩ ስኮራ ከርሜ የለ? በዚያ ቀን ከሐይቁ ዳር ደወልክልኝ። “ሽማግሌው ዛሬ አትውጣ ይለኛል። የውሃ ልጅ አንቺ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?” አልከኝ። ጾመ ነቢያት በማግስቱ ይገባል፣ ምግብ ቤቶቹ ዓሣ ይጠብቃሉ። እኔም አባቴ ይለው የነበረውን አልኩህ። “መስቀል ከጠባ ውሃ ይተኛል። ሽማግሌው ገበያውን ሊቀማህ ነው፤ ውጣ።”

ወጣህ።

አባቴ አልዋሸም። ዝዋይ ላይ ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል፣ ከመስቀል ወዲያ ሕፃን ልጅ ታንኳ ይዞ ይገባል። እዚህ ግን ሌላ ሰማይ ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ የሚጀምረው የእኛው ሲያበቃ ነው። እኔ የአገሬን ወር ይዤ መጥቼ በሰው ሐይቅ ላይ ዘረጋሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ድንገተኛ ማዕበል ወሰደው አልኩ። ምዜ ኦቲዬኖ እውነቱን ያውቃል፤ በለቅሶው ቀን እጄን ይዞ “ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ” ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ያለፈው እሑድ ብሩክ መጥቶ ምሳ እየበላን ጀልባዋን ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ውሃ አስገባታለሁ አለኝ፤ “ለጾሙ ዓሣ መግዛት ቀረ፣ ራሴ አጠምዳለሁ።” ምዜው እስከ ጥር ጠብቅ ማለቱን ነግሮኝ ሳቀ። ሽማግሌ ዝናብ ይፈራል አለ። ከዚያም እየጎረሰ “መስቀል ከጠባ ውሃ ይተኛል፣ አይደል እማዬ?” አለኝ። በልጅነቱ ሳስተኛው የነገርኩት ነው።

ነገርኩት። ስልኩን፣ ጥያቄህን፣ መልሴን፣ አንድም ሳላስቀር። “አባዬ ደውሎ ጠይቆሽ ነበር?” አለ። አዎ አልኩት። እጁን ታጥቦ ሰገነት ላይ ወጣ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ቆመ። ሲገባ ፊቴን ሳያይ “ጥር ይሁን” አለና ቦርሳውን አነሣ። ሳይስመኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማሁት ትናንት ነው። እልልታዬ ለምን እንደበዛ ገባህ? ቀለሙን ነገረኝ፣ ስምህን ነገረኝ፣ እማዬ ብሎ ጠራኝ። ልንዘጋ ስንል ግን “ውሃው ዛሬ መስታወት ነው” አለ። ደጋግሜ ምን አልክ ብዬ ብጠይቀው ሌላ ወሬ አመጣ። ከኋላው ሰዎች ጀልባ ሲገፉ ይሰማኛል፤ የማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።

ወዲያው ለምዜው መልእክት ላክሁለት። ሸራውንና መቅዘፊያዎቹን እቤቱ ቆልፎባቸዋል፤ እስከ ቀኑ አልሰጥም ብሏል። ደግ ሰው ነው። ግን ሐይቁ ዳር መቅዘፊያ የሚያውስ ጓደኛ ሞልቷል፣ ምግብ ቤቶቹም ገና ከአሁኑ ለጾሙ ማዘዝ ጀምረዋል።

እኔ የቀረኝ የሰው ፊት ነው። ልጅህ እኔን ባይሰማ፣ ሽማግሌውን ባይፈራ፣ ሰው ፊት የተቀጠረ ቀን አያፈርስም፤ በዚህ አንተን ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰንበቴያችን ለሚያወጣው ወረቀት እሰጣለሁ። ጥፋቴም አብሮ ይነበብ። በአንተ ላይ ያጠፋሁትን ደብቄ በልጅህ ላይ ልድገመው?

ኅዳር አሥራ አራት ሙት ዓመትህን እናስባለን፤ ብሩክ እዚሁ ናይሮቢ ከአጠገቤ ይሆናል፣ ቃል አስገባዋለሁ። እስካለሁም ያን የስልክ ድምፅህን አልረሳውም፤ እንድረሳውም አልፈልግም።

አሁን ለሁላችሁም፦ የኢስትሊም፣ የኪሊማኒም፣ ጊጊሪ ቢሮ የምትሠሩም። የጌታሁን ጀልባ ውሃ የምትነካው ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር አሥራ ሁለት፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ኪሱሙ ሐይቅ ዳር ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ቀንም አይደለም። አውቶቡስ እንከራያለን፣ ዓሣው በእኔ ነው። ማንም እንዳይቀር፤ ልጄን ስታገኙትም “ጥር አሥራ ሁለት ነው አይደል?” በሉት።