ስለ ስምንት ሰዓቱ ፀሐይ ለቀይ አሸዋ ክለብ ቦርድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የቀይ አሸዋ እግር ኳስ ክለብ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ድሬዳዋ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በቢሯችሁ ያለው ቬንትሌተር እንዳይቆምባችሁና መብራትም እንዳይጠፋባችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኢክራን ሰማታር እባላለሁ፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ፤ ቀይ አሸዋን መደገፍ ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት በሜዳው በር ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አነበብኩት። ክለቡ ደጋፊ ስለሌለው እንዲፈርስ ሐሳብ እንደቀረበና በመጪው እሑድ ተሰብስባችሁ እንደምትወስኑ ይገልጻል። የለም ከተባለው ደጋፊ አንዷ እኔ ስለሆንኩ፣ ስለተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ሳላመሰግናችሁ ብቀር ነውር መስሎ ታየኝ።

1ኛ፦ በሜዳችን የተደረጉትን ጨዋታዎች በሙሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲጀመሩ ስላደረጋችሁ እናመሰግናለን። እንግዳው ቡድን በድሬ ፀሐይ ይቀልጥልናል የሚለው ስልታችሁ በተነገረን ጊዜ፣ ለካ ቦርዳችን ውስጥ ጄኔራል ኖሯል ብለን ነበር። በዚያ ሰዓት ሱቁ ሁሉ ዝግ እንደሆነ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም እንደሚል ወይም ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ እንደሚሰየም፣ ፍየል እንኳ ከግድግዳ ሥር ጥላ ፈልጋ እንደምትተኛ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞችም ገና ከሥራ እንዳልወጡ፣ እናንተው የዚሁ ከተማ ልጆች ስለሆናችሁ ላስረዳችሁ አልደፍርም።

2ኛ፦ ተጫዋቾቻችን በሙቀት እንዳይጎዱ አስባችሁ ካምፓቸውን ደንገጎ ተራራ ላይ ማድረጋችሁ የወላጅ ርኅራኄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሁለት ብርድ ልብስ ተኝተው ከርመው፣ በጨዋታው ቀን በሚኒባስ ቁልቁል ወርደው በቀጥታ ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳ ይገቡ ነበር። እንግዶቹ ግን፣ ምድባችን የቆላ ምድብ ሆነና፣ አብዛኞቹ ከአፋርና ከጎዴ በኩል የመጡ ነበሩ። አንደኛው አሰልጣኝ ድሬ ነፋሻ ከተማ ናት ብሎ ሲያመሰግነን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተከላካያችን ይሳቅ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ወጥቶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን አይቀርም። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው የሚሉት አባቶች ስለ እግር ኳስም ሳያውቁ አልቀሩም።

3ኛ፦ በሜዳው ውስጥ ያለችው አንዲት ጥላ ከእናንተ ወንበር በላይ ስለመሆኗም እናመሰግናለን። ቢያንስ አንድ ወገን እስከ ዘጠና ደቂቃ ድረስ በጥሩ አቋም ላይ ነበር።

4ኛ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታችሁ ግን ሳታስቡት የዋላችሁልን ነው። የዳኞቹ መኪና መንገድ ላይ የተበላሸ ዕለት ጨዋታው ሳይጀመር እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ቆየ። ባለባጃጁ ሳዶ «አቦ ውጡ፣ ገና አልተጀመረም!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ቀፊራ ላይ ዕቃችንን በሸራ ሸፍነን ሄድን፤ የፋብሪካ ሠራተኞቹ ከሰርቪሳቸው እንደወረዱ መጡ፤ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ትራሳቸውን ይዘው ደረሱ። ዳኛውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተራ በተራ ወቀስነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከገበያና ከቤቷ በቀር የትም የማትሄደው ጎረቤቴ ኑርቶ ሦስተኛው ጎል ሲገባ ጫማዋን ወደ ላይ ወርውራ እስካሁን አላገኘችውም። ሦስት ለዜሮ አሸነፍን። ዘንድሮ በሜዳችን ያሸነፍነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከመውረድ ያተረፈንም እሱ ነው። እናንተም በማግስቱ ስለ መዘግየቱ በደብዳቤ ይቅርታ ጠይቃችሁ ቀጣዩን ጨዋታ ወደ ስምንት ሰዓት መለሳችሁት። ተሸነፍን።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ እስካሁን በቀልድ ብጽፍም ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ክለቡ ቢፈርስ በጣም አዝናለሁ። በዚህ ከተማ ከእኔ ጋር የማይጸልይ፣ ቋንቋዬን የማይናገር፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ይዞ የሚጮኸው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ኑርቶም ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታው መቼ ነው እያለች ትጠይቀኛለች። የምለምናችሁ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አጫውቱንና ከዚያ በኋላ ቁጠሩን። ያን ጊዜ ባዶ ወንበር ብታገኙ ክለቡን አፍርሱት፤ እኔም አፌን እይዛለሁ።

ቦርዱ በጥላው ሥር ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ከፀሐዩ በኩል ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ኢክራን ሰማታር
ከቀፊራ፣ ቅመም ተራ

ማስታወሻ፦ በእሑዱ ስብሰባ ደጋፊዎችም እንድንገኝ መፍቀዳችሁን ሰምቼ ማስታወቂያውን ደግሜ አየሁት። «የአባላትን ጤና ለመጠበቅና ሙቀቱን ከግምት በማስገባት ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀመራል» ይላል። ሰዓቱ ተስማምቶናል፤ ሁላችንም እንመጣለን።