የሠርጉ ፊልም የዘገየበት ምክንያት

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ አትውጪ ያለሽ ሐኪም አሁንም ይቆጣሻል ወይስ እንደ እኛ ተስፋ ቆረጠብሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። ሰው እስካገባ ድረስ የሠርግ ፊልም የሚያቀናብር ሰው ጦሙን አያድርም። ቢፋቱም አንጎዳም፣ አንደኛውን ወገን ከፊልሙ አውጡልን እያሉ ይመለሳሉ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለማታስጨርሺኝ ነው። የእህቴ ሠርግ ፊልም ለምን ዘገየ ብለሽ ተቆጥተሻል። እሑድ ጎረቤቶችሽን ሰብስበሽ በልብስ ሰፊዋ ቤት፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ልታሳዪያቸው ቀጠሮ ይዘሻል። የጠራሻቸው ልጅሽን ስትመርቂ እንዲያዩሽ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም መሐረቤን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ ብላሻለች። እንግዲህ ከእሑድ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ድሮ ሠርግ ይደረግና ይቀረጽ ነበር። ካሜራው ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል፤ አጎታችን አፉ ሞልቶ ሲያወራ፣ አክስታችን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ፣ ሁሉም አለ። ዛሬ ፊልም ይሠራል፣ ሠርጉም በመሐል ጊዜ ከተገኘ ይካሄዳል። ሙሽሮች ወደ እኛ ሲመጡ ከተከታታይ ድራማ የቆረጡትን ትዕይንት በስልካቸው ይዘው ነው፤ እንደዚህ አድርጉን ይላሉ። በቀደም አንዱ ሙሽራ ሚስቱን ሲያይ እንዲያለቅስ ታዞ ዕንባ እምቢ ቢለው፣ አማቱ ጠጋ ብለው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሹክ አሉትና አለቀሰ። ምን እንዳሉት እስካሁን አይናገርም። ፊልሙ ግን አምሯል።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ምርቃት ነው። አንቺ በየሳምንቱ የምታለቅሺላት፣ ደጓ እያልሽ የምትጠሪያት የድራማዋ እናት ልጇን ከመረቀች ወዲህ፣ የወለደችው እናት ምርቃት የሚበቃው ሙሽራ ጠፋ። የወለደች እናት ነገር ታስረዝማለች፣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ የሞተ ዘመድ ታነሳለች። ስለዚህ ተዋናይቷን ራሷን መከራየት ተጀመረ። መጀመሪያ የጠሯት እናት የሌላቸው ነበሩ። ቀስ በቀስ እናት ያላቸውም ጠሯት።

እህቴም ጠራቻት።

አንቺ ግን በእንግድነት የመጣች መስሎሽ ነበር። እኔና እህቴ አንቺን ከፊተኛው ወንበር እንዴት እንደምናስነሳሽ ስንመክር ነው የከረምነው። እሷ፣ ኬኩን ላሳይሽ ብለህ ይዘሃት ውጣ አለችኝ፤ እኔ፣ ለኬክ ብላ አትነሳም አልኳት። አንቺው ገላገልሽን። ደጓ በበሩ ስትገባ ብድግ አልሽ፣ ጉልበትሽም ትዝ አላለሽ። ወንበሩን በሻርፕሽ ጠርገሽ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ እናቴ፣ አልሻት። በዕድሜ ታንስሻለች። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከልሽላት፤ አጠገብሽ ለነበረችው ሴትዮም፣ ልጄ እኮ ከትልልቅ ሰው ጋር ነው የምትውለው፣ ስትያት ሰማሁ።

ይህ ፊልሙ ውስጥ አለ። ብርሃኑም ያምራል። ካንቺ ጋር ተዋውቀው የማያውቁት የእህቴ ባል እናት ሲያዩት፣ ይህቺ ትሑት ሴትዮ ማናት ብለው ጠየቁ። እህቴ፣ ያሳደገችን ናት፣ አለቻቸው። ውሸት አይደለም። እሳቸውም፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዛሬ የት ይገኛል ብለው አደነቁሽ።

ወደ ምርቃቱ ልምጣ። ተዋናይቷ አልሆነላትም። እጇን ሙሽሪት ራስ ላይ ጭና በድራማው ልጇ ስም መረቀቻት፤ ደግማ ስትሞክርም ያንኑ ስም ጠራች፣ ሙሽራው ሳቁን መያዝ እስኪያቅተው። ለፊልም የሚሆን አንድ ቃል አልወጣትም። አንቺ ደግሞ እህቴ ልብስ ልትቀይር ጎን ካለው ክፍል ስትገባ ተከትለሽ ገባሽ፤ አንገቷን አቅፈሽ የልብሽን ሁሉ መረቅሻት። ካሜራው የተከተለሽ መስሎሽ ነበር፤ ያየሽ የለም። ማይኩ ግን ከቬሎዋ ላይ አልተነቀለም ነበር።

ድምፁ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ፊልሙ የዘገየው የተዋናይቷ ከንፈርና ያንቺ ቃል እስኪገጥም ነው፤ ትንፋሽ የምትወስጂበት ነገር አስቸጋሪ ነው፣ ሰው በማይጠብቀው ቦታ ታቆሚያለሽ። ሚጢጢዬ እያልሽ የጠራሽበት ተቆርጧል፣ የባሏ ቤተሰብ እንዲህ ተብላ እንደምትጠራ አያውቁም። የቀረው ሁሉ ያንቺ ነው። ምርቃቱን ቆርጠን በኢንተርኔት ለቀነዋል፣ ሰው በየስልኩ እያየ እያለቀሰ ነው፤ እንዲህ ያለች እናት ለሁሉም ይስጥ እያሉ ከሥሩ ይጽፋሉ። ተዋናይቷም ደውላ፣ ያን ያህል አሳምሬ መመረቄን እኔው ራሴ ረስቼዋለሁ አለች። የምሯን ነው የሚመስለኝ። እህቴ ደጋግማ ታየዋለች፤ ስታየውም ታለቅሳለች። ለየትኛችሁ እንደምታለቅስ አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ እሑድን አትሰርዢ። ከሰረዝሽ ልብስ ሰፊዋ በስልኳ ፈልጋ ታገኘዋለች፣ ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ይችለዋል። አብረሻቸው እዪ። ወንበሩን የለቀቅሽው አንቺው ነሽና፣ ለክብሯ ብዬ ነው በያቸው፤ ሰው ትሕትና ይወዳል፣ በተለይ የሌላ ሰው ሲሆን። ድምፁ ያንቺን ይመስላል የሚል ከተነሳ፣ እናት ሁሉ ስትመርቅ ድምፅዋ አንድ ነው በይ። ተመልካች እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አለቃዬ ድምፅሽን ለብቻው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው። ልቡን የነካው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፊታችን ያሉትን ሠርጎች ሲያሰላ ኖሯል። እኔንም መስኮት ወዳለው ክፍል አዛወረኝ፣ በሩ ላይም የክፍል ኃላፊ የሚል ተለጠፈልኝ፤ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ሰኞ ሹፌራችን ድምፅ መቅጃ ይዞልሽ ይመጣል። ጠረጴዛሽ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አትንኪው። መስኮቱን ዝጊ፣ የወፍጮ ቤቱ ጩኸት ይገባል። ለሙሽሪት መርቂ፣ ለሙሽራ መርቂ፣ ልጅ ለዘገየባቸውም መርቂ። ልጄ በይ እንጂ ስም አትጥሪ። ሳል ከመጣብሽ ቃሉ እስኪያልቅ ያዢው፤ ዕንባም ቢመጣ እንዲሁ።

ፊቴ ሰው ሳይኖር ለማን ብዬ እመርቃለሁ እንደምትይ ይገባኛል። ሹፌሩ ደህና ሰው ነው፣ ፊቱን እያየሽ መርቂ። እንዲንበረከክልሽ ነግሬዋለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ጉሮሮሽን ከጉንፋን ይጠብቅልኝ። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ መቅጃውን ሳያጠፋው እኔንም አንድ ጊዜ መርቂኝ፤ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ አልመረቅሽኝም። ስሜን ግን ተይው፤ ለሌላም ሰው ይሆናል።

የበኩር ልጅሽ